ስኪዞፍሬኒያ ከየት ይመጣል? ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በአእምሮ ሕክምና ክፍል በነርስነት ስሠራ ስለ መድኃኒቱ አወሳሰድ ከሚጠይቁኝ ይልቅ «ይህ ነገር ከየት መጣብን?» የሚሉኝ ይበዛሉ። አንዲት እናት የልጃቸውን የቀጠሮ ካርድ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይመጡ ነበር። ቋጠሮውን እየፈቱ መልሰው እየቋጠሩ ሁልጊዜ ያንኑ ይጠይቁኛል። ልጁን በሦስት ወር ነፍሰ ጡርነታቸው ሳሉ ወንድማቸው ሞቶባቸው ነበርና ያን ጊዜ ያለቀሱት ልቅሶ ልጁን እንደጎዳው በልባቸው ወስነዋል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የእሳቸውና የመሰሎቻቸው ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስኪዞፍሬኒያ ምን ዓይነት ሕመም ነው?

ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ «ይከታተሉኛል፣ ሊገድሉኝ ነው» የሚል በምንም ማስረጃ የማይናወጥ እምነት፣ መያዣ መጨበጫ የሌለው ንግግር፤ ከዚህም ጋር ቀስ እያለ የሚመጣ ዝምታ፣ ከሰው መራቅ፣ ራስን መጣል። ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹን ሲያይ ይደነግጣል፤ የኋለኞቹን ግን ብዙ ጊዜ «ስንፍና» ብሎ ይቆጣባቸዋል። ስሙን ያወጣው የስዊዘርላንዱ ሐኪም ኦይገን ብሎይለር በ1908 ነው። ቃሉ «የተሰነጠቀ አእምሮ» እንደ ማለት ስለሆነ ብዙዎች አንዱ ሰው ሁለት ሰው የሚሆንበት ሕመም ይመስላቸዋል፤ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 23 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር እንደሚኖሩ ይገምታል። ከ345 ሰው አንድ ያህል ማለት ነው።

በዘር ይተላለፋል?

ተጋላጭነቱ ይተላለፋል። ሕመሙ ራሱ ግን እንደ ርስት ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም።

ቁጥሮቹን እንያቸው። ከማንኛውም መንደር አንድ ሰው ብንወስድ በዕድሜ ዘመኑ በዚህ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ከ100 አንድ ወይም ከዚያ በታች ነው። ወንድም ወይም እኅት ታሞበት ከሆነ ከ100 ወደ 9 ከፍ ይላል። እናቱ ወይም አባቱ የታመሙበት ልጅ ዕድሉን ጥናቶች ከ7 እስከ 13 ያደርሱታል። ይህን ቁጥር ለቤተሰብ ስነግር ሁልጊዜ ገልብጬ እደግመዋለሁ፤ እናታቸው ከታመሙባቸው 100 ልጆች መካከል ወደ 90 የሚሆኑት አይታመሙም። በሌላ በኩል አብዛኞቹ ሕሙማን የታመመ ወላጅም ወንድምም የላቸውም።

ነገሩን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርጉት መንትዮች ናቸው። ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች ዘረመላቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሕመሙ የዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ አንዱ ሲታመም ሌላው ሁልጊዜ በታመመ ነበር። የሚታየው ግን በየጥናቱ ከሦስት አንድ እስከ ግማሽ ድረስ ነው። ከሁለት እንቁላል በተገኙ መንትዮች ቁጥሩ በጣም ይቀንሳል። ስለዚህ ዘር ትልቅ ድርሻ አለው፤ ብቻውን ግን አይወስንም።

ሐኪሞች «80 በመቶው በዘር ነው» ሲሉ ሰምተው የሚደነግጡ አሉ። ይህ ቁጥር ስለ እርስዎ ልጅ የተነገረ አይደለም። በአንድ ሕዝብ ውስጥ አንዱን ሰው ከሌላው ይበልጥ ተጋላጭ ከሚያደርገው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘረመል እንደሚመጣ የሚለካ የስታቲስቲክስ ስሌት ነው። «ልጄ ከ100 ሰማንያ ይታመማል» ተብሎ አይነበብም።

አንድ ነገር ከሥራዬ ልጨምር። የቤተሰብ ታሪክ ስንጠይቅ የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» ነው። ወረቀት አውጥቼ አያትን፣ አጎትን፣ አክስትን እየሣልኩ በስም በስማቸው ስጠይቅ ወሬው ይለወጣል። «አንድ አጎት ነበሩ፤ ጠበል እንደ ሄዱ አልተመለሱም።» «አክስቴ ዛር ነበረባት፤ ብቻዋን ነበር የምትኖረው።» «እሱማ በረሃ ገብቶ ቀረ።» ከእነዚህ ሰዎች የትኛው በምን እንደታመመ ዛሬ ማንም ሊፈርድ አይችልም። ቢሆንም እንዲህ ያሉትን ታሪኮች ለሐኪሙ ይንገሩ። ቤተሰብዎን የሚያዋርዱ እንዳይመስልዎት፤ ምርመራውን ያግዛሉ።

በእናት አስተዳደግ ይመጣል?

አይመጣም። በ1940ዎቹና በ50ዎቹ አንዳንድ የአሜሪካ ሐኪሞች ቀዝቃዛና ተቆጣጣሪ እናት ልጇን ለስኪዞፍሬኒያ ትዳርጋለች ብለው ያስተምሩ ነበር። ስንት እናት ያንን ሸክም ይዛ ወደ መቃብር እንደ ወረደች ሳስብ እስከ ዛሬ ያበግነኛል። አባባሉን የጣለው ትዕግሥት የጠየቀ ሥራ ነው። ሊዮናርድ ሄስተን የተባለ ሐኪም በኦሪገን ግዛት ከታመሙ እናቶች ተወልደው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከእናታቸው ተለይተው ያደጉ 47 ልጆችን ተከታተለ። ውጤቱን ያሳተመው በ1966 ነው፤ ከ47ቱ አምስቱ ታመሙ። በተመሳሳይ ሁኔታ ካደጉ ነገር ግን እናታቸው ካልታመመች 50 ልጆች አንድም አልታመመም። እናትየው አላሳደገቻቸውም፤ ተጋላጭነቱ ግን አብሯቸው ሄደ።

ይህ ማለት ቤት ምንም ማለት አይደለም ማለት አይደለም። በፊንላንድ ፔካ ቲኤናሪና ባልደረቦቹ ከታመሙ እናቶች ተወልደው በማደጎ ያደጉ ልጆችን ሲከታተሉ፣ ሰላም ባለበት ቤት ያደጉት ጠብና ግራ መጋባት በበዛበት ቤት ካደጉት በብዙ ያነሰ ታመሙ። ተጋላጭነት የሌላቸውን ልጆች ግን የቤቱ ጠብ ያን ያህል ወደዚህ ሕመም አልገፋቸውም። ክዳኑ የሳሳ ጎጆ ክረምቱ ቀላል ከሆነለት ሳያፈስስ ይወጣል፤ ወጀብ ሲበዛበት ግን ያፈስሳል። በልጅነት የደረሰ ድብደባ፣ መደፈርና መጣል ደግሞ አደጋውን ከእጥፍ በላይ እንደሚያሳድጉ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለሉ ሥራዎች ይናገራሉ።

ሕመሙን የሚያመጣው የትኛው ዘረመል ነው? በደም ምርመራ ይታወቃል?

አንድ ዘረመል የለም። በ2014 የታተመ የብዙ አገሮች ጥናት ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 108 የዘረመል ሥፍራዎችን አገኘ። በ2022 ከ76 ሺህ በላይ ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት ቁጥሩን 287 አደረሰው። እያንዳንዱ ሥፍራ የሚጨምረው አደጋ ከቁጥር የማይገባ ነው። ሁላችንም ከእነዚህ ጥቂቶቹን ተሸክመናል፤ ልዩነቱ በብዛቱና በአገጣጠሙ ነው።

ከእነዚህ ውስጥ ሲ4 የሚባለው የበሽታ መከላከያ ዘረመል ብዙ አስተምሮናል። በጉርምስና ዕድሜ አንጎል የማያስፈልጉትን የነርቭ ግንኙነቶች፣ አትክልተኛ ቅርንጫፍ እንደሚገርዝ፣ ይገርዛል። በ2016 የታተመ ጥናት ይህ ዘረመል አብዝቶ የሚሠራባቸው ሰዎች ለሕመሙ ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ። ግረዛው ከልክ ሊያልፍ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ተነሣ። ልጆቻችን ለምን በ18 እና በ20 ዓመታቸው እንደሚታመሙ ከዚህ ሌላ ያረካኝ ማብራሪያ አላገኘሁም።

ለየት ያሉ ሁኔታዎች አሉ። ከ22ኛው ክሮሞዞም ትንሽ ቁራጭ ጎድሎባቸው ከሚወለዱ ሰዎች ከአራቱ አንዱ ያህል በስኪዞፍሬኒያ ወይም በሚመስለው ሕመም ይያዛል። ይህ ጉድለት በላቦራቶሪ ይታያል፤ ነገር ግን ከሕሙማን ጥቂቶቹን ብቻ ነው የሚመለከተው። ለሌላው ሁሉ «ልጅዎ ይታመማል» ወይም «አይታመምም» የሚል የደም ምርመራ የለም። እንዲህ ያለ ምርመራ አለኝ የሚል ሰው ገንዘብዎን ይፈልጋል።

እስካሁን ከተጠኑት ሰዎች አብዛኞቹ አውሮፓውያን መሆናቸው የሚያሳስብ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ በአሥር ሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች የምራቅ ናሙና የሰበሰበው ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት የተጀመረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ተሳትፎበታል።

ነፍሰ ጡር ሳለሁ የደረሰብኝ ነገር ልጄን ጎድቶት ይሆን?

ባለ ነጠላዋ እናት የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። እውነቱን ደብቄ ማጽናናት አልወድም።

በማሕፀን ያለ ልጅ አንጎል ከውጭ የሚመጣ ጉዳት ይሰማዋል። ከ1944 እስከ 1945 በነበረው ክረምት ጀርመኖች የምግብ መንገድ ዘግተው ምዕራባዊ ሆላንድ ተርባ ነበር። በዚያ ረሃብ እጅግ በከፋው ጊዜ የተጸነሱ ልጆች አድገው ሲቆጠሩ ስኪዞፍሬኒያ በእጥፍ ያህል ተገኘባቸው። ከ1959 እስከ 1961 በቻይና ከነበረው ረሃብ በኋላም በአንሁይ ክፍለ ሀገር የተደረገው ቆጠራ እጥፍ መሆኑን አሳየ። እኛም ረሃብን በስም እየጠራን ዘመን የምንቆጥር ሕዝብ ነን፤ ለነፍሰ ጡር የሚደርሰው እህል የልጇንም አእምሮ የሚጠብቅ መሆኑን ማወቅ አለብን። ምጥ ረዝሞ ሕፃኑ አየር ሲያጥረው፣ እናት በእርግዝና ጊዜ በከባድ ኢንፌክሽን ስትታመም ወይም የደም ግፊቷ ሲያይል፣ ልጁ ያለ ክብደቱ ሲወለድ፣ አደጋው በመጠኑ ይጨምራል። የእርግዝና ክትትልና በጤና ተቋም መውለድ ከዚህም ጋር ይያያዛሉ።

ኀዘንስ? በዴንማርክ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ልደቶችን የመረመረ ጥናት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የቅርብ ዘመድ የሞተባቸው እናቶች ልጆች ላይ አደጋው ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ከ100 አንድ የነበረው ከ100 ሁለት አልሞላም። ይህንን ለእሳቸው በቀስታ ነገርኳቸው፤ «ወንድምዎ ሲሞት አለማልቀስ ይችሉ ነበር?» ብዬም ጠየቅኋቸው። ቋጠሮውን ለረጅም ጊዜ ሲነካኩ ቆዩና «እንዴት ተችሎ» አሉኝ።

ጫት ነው ያሳመመው? ካናቢስስ?

ስለ ካናቢስ (ሐሺሽ ወይም ጋንጃ ስለሚባለው) ማስረጃው ጠንካራ ነው። ለውትድርና የተመለመሉ ከ45 ሺህ በላይ የስዊድን ወጣቶችን ለ15 ዓመት የተከታተለና በ1987 የታተመ ጥናት፣ ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት ካላጨሱት በስድስት እጥፍ እንደታመሙ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የመጡት ጥናቶች ይህንን ነጥብ ይበልጥ አጥርተውታል፤ በልጅነት መጀመር፣ በየቀኑ ማጨስና ኃይለኛውን ዓይነት መምረጥ አደጋውን ያከብዱታል። የሚያጨስ ሁሉ አይታመምም። ወንድሙ ወይም እናቱ የታመሙበት ልጅ ግን ፈጽሞ እንዳይነካው ለምኜ እናገራለሁ።

ጫት ከዚህ ይለያል። ውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን እንደሚባለው አነቃቂ ዕፅ ሁሉ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን ኬሚካል ያስለቅቃል፤ በሕመሙ ጊዜ የሚበዛውም ይኸው ዶፓሚን ነው። አብዝቶ የቃመና እንቅልፍ ያጣ ሰው ለጊዜው ሊጠራጠርና ድምፅ ሊሰማ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ሲያቆምና ሲተኛ ይለቅቀዋል። ጫት ጤነኛውን ሰው ብቻውን ስኪዞፍሬኒያ ያስይዛል ለማለት ማስረጃው አይበቃም። የታመመውን ግን ያገረሽበታል፤ መድኃኒቱንም ያስረሳዋል። በየሳምንቱ በዓይኔ የማየው ነው።

በቡታጅራ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን በየቤታቸው ያዳረሰው ጥናት ከተገኙት የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ከ80 በመቶ በላይ ወንዶች መሆናቸውን ሲያሳይ ብዙዎች ጣታቸውን ጫት ላይ ቀሰሩ። በሌላው ዓለም የወንዶቹ ብልጫ ይህን ያህል አይሰፋም። የሴቶች ሕመም በቤት ውስጥ ተሸፍኖ መቅረቱም መታሰብ አለበት።

ትምህርት አብዝቶ ነው? አብሾ ጠጥቶ ነው የሚሉም አሉ

ጎበዝ ተማሪ ሲታመም «አብሾ ጠጣ» ማለት የቆየ ልማዳችን ነው። ሕመሙ በወንዶች ላይ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 25 ዓመት፣ በሴቶች ላይ ጥቂት ዘግየት ብሎ ይጀምራል። ይህ ደግሞ ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚገባበት፣ ከቤቱ የሚርቅበት፣ እንቅልፍ የሚያጣበት ጊዜ ነው። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ስለሚመጡ አንዱ ሌላውን ያመጣ ይመስላል። ጭንቀቱና የእንቅልፍ እጦቱ የተጋለጠውን ሊያፈጥኑበት ይችላሉ፤ ደብተሩ ግን አላሳመመውም።

ስደት ያሳምማል?

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በእስራኤል ለውትድርና ምዝገባ የቀረቡ ከ600 ሺህ በላይ ወጣቶችን የመረመረና በ2008 የታተመ ጥናት፣ ከስደተኞች ሁሉ ከፍተኛው የስኪዞፍሬኒያ አደጋ የታየው ከኢትዮጵያ በሄዱት ላይ መሆኑን አገኘ፤ ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። በእንግሊዝ በለንደን፣ በኖቲንግሃምና በብሪስቶል የተደረገው ጥናት በጥቁር አፍሪካውያንና ከካሪቢያን በመጡት ላይ ቁጥሩን በብዙ እጥፍ ከፍ ብሎ አየው። በካሪቢያን ደሴቶች ውስጥ ግን ሕመሙ ያን ያህል አይበዛም፤ እዚያው እንግሊዝ በተወለዱት ልጆቻቸው ላይም ከፍ እንዳለ ይቀጥላል። ዘር ቢሆን ኖሮ እናት አገራቸውም በታየ ነበር። መገለል፣ መናቅ፣ ከዘመድ ተነጥሎ መኖር በአእምሮ ላይ እንደሚሠራ ከዚህ በላይ ምን ይመስክር?

ከዓረብ አገር ታማ የተመለሰች ልጅ ሁሉ ስኪዞፍሬኒያ አለባት ማለት ግን ስሕተት ነው። የደረሰባት በደል ያመጣው ከባድ ጭንቀት፣ ድብርት ወይም ለአጭር ጊዜ የሚቆይ የአእምሮ መታወክ ሊሆን ይችላል። ስም ከመለጠፋችን በፊት ጊዜና ምርመራ ይሰጣት።

መተት፣ ቡዳ ወይም ልክፍት አይደለም?

ድምፁን የሚሰማው ልጅ «ሰው ላከብኝ» ሲል ቤተሰብ ወደ ለመደው ማብራሪያ መሄዱ አይገርምም። በእምነት የሚሰጠውን መጽናኛ አልነካም፤ ጠበልና መድኃኒት አብረው የሚሄዱባቸው ሥፍራዎች አሉ፤ አብረው ሲሄዱም አይቻለሁ። የሚያስለቅሰኝ መድኃኒቱን አቋርጦ መሄድና በሰንሰለት መታሰር ነው። የእግር ብረት ያቆሰለውን ቁርጭምጭሚት አጥቤ አውቃለሁ፤ ድምፁ ግን አልጠፋለትም ነበር። ደግሞም ተመሳሳይ ምልክት የሚያመጡ ሌሎች ሕመሞች አሉ፤ የሚጥል በሽታ፣ የታይሮይድ ችግር፣ ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ፣ የአንጎል ኢንፌክሽን። እነዚህን መለየት የሚችለው ሐኪም ነው።

በቤተሰባችን አለ፤ ማግባትና መውለድ እንተው?

ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር ይቆጠራል። «በዚያ ቤት እብደት አለ» በሚል ቃል ብቻ የፈረሱ እጮኝነቶችን አውቃለሁ። ከላይ ያለውን ቁጥር እንደገና ይመልከቱት። እጮኛዎ ጤነኛ ሆኖ አጎቱ የታመመ ከሆነ የልጆቻችሁ አደጋ ከማንኛውም ሰው እምብዛም አይርቅም። እናት ወይም አባት የታመሙ እንደሆነ ከ100 ወደ 10፣ ሁለቱም የታመሙ እንደሆነ ደግሞ ከ100 ከ27 እስከ 46 ይደርሳል። ይህ ኋለኛው ከሐኪም ጋር ተቀምጦ መነጋገር የሚጠይቅ ቁጥር ነው። የሌላው ግን ትዳር የሚያስፈርስ አይመስለኝም። መድኃኒት የምትወስድ ሴት ለመውለድ ስታስብ በራሷ አታቁም፤ አስቀድማ ሐኪሟን ታማክር።

ታናሽ ወንድሙስ? ምን ልጠብቅ?

ታናሹን ልጅ እንደ ታማሚ አይጠብቁት፤ መጠበቁ ራሱ ያስጨንቀዋል። ካናቢስ እንዳይነካ በግልጽ ይንገሩት። እንቅልፉ ከተገለበጠ፣ ትምህርቱ ያለ ምክንያት ካሽቆለቆለ፣ ጓደኞቹን ትቶ ክፍሉን ከዘጋ፣ ሰዎች ስለ እሱ እንደሚያወሩ ደጋግሞ መናገር ከጀመረ፣ ሳምንታት ሳይረዝሙ ያምጡት። ሕክምና በቶሎ የጀመረ ሰው ዓመት ከዘገየው ይልቅ ይሻለዋል።

እኒያ እናት ባለፈው ቀጠሮ ታናሹንም አስከትለው መጡ። ልጁ በወንድሙ ጎን አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የመድኃኒቱን ስም ከካርዱ ላይ ጮክ ብሎ ያነብለት ነበር፤ ካርዱ ከነጠላው ቋጠሮ ወጥቶ አሁን በእሱ ኪስ ነው የሚቀመጠው።